የሽሪምፕ አጥማጅ ልጅ

ንግግሯን ስትለማመድ «እኔ የሽሪምፕ አጥማጅ ልጅ ነኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ የአርሊታ ድምፅ እንደገና ሰለለ። ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብላ ነበር ያወረደችው። ከዚያ በኋላ ያለውንም አሳምራ ትለዋለች። እዚህች ጋ ስትደርስ ብቻ ድምፅዋ ይከዳታል።

አያቷ ሳይረስ ሙልትሪ ከጀልባቸው አጠገብ፣ ውሃው ላይ በተዘረጋው ጣውላ ጫፍ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ሽሪምፕ የሚባሉት ጣት የሚያህሉ የባሕር ፍጥረቶች የሚጠመዱበትን መረብ ይሠራሉ። የእንጨት መርፌያቸውን ሳያቆሙ፣ ቀናም ሳይሉ «እዚያ ጋ ምን ነክሶሽ ነው?» አሏት።

«የቱ ጋ?»

«የቱ ጋ ትለኛለች! አጥማጅ የምትይው ጋ ነዋ። ውሃ እንደነካት ድመት ትሆኛለሽ።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው አባባ።»

«ጉንፋኑ ቃል እየመረጠ ነው የሚይዝሽ?»

አርሊታ ሳትፈልግ ሳቀች። ወረቀቷን አጣጥፋ ጣውላው ላይ ተቀመጠችና እግሮቿን ወደ ውሃው አንጠለጠለች። ማዕበሉ እየሸሸ ነው፤ የረግረጉ ጭቃ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ከጎናቸው የታሰረችው ነጭ ጀልባ ቀለሟ ተልጧል፤ ሞተሯም ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል። አያቷ ግን በየሳምንቱ የገባባትን ውሃ ቀድተው ያወጡላታል፣ ገመዷን ያጠብቁላታል። ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው የለም።

«አባትሽ ለመጨረሻ ጊዜ ሽሪምፕ ያጠመደው መቼ ነው?» አሏት።

«ድሮ ነዋ። ግን አጥማጅ ነበር። ስለዚህ ውሸት አይደለም።»

«ድሮማ እኔም ሸበላ ነበርኩ።» መርፌያቸውን አቁመው ጥርስ የሌለበትን ጎናቸውን አሳይተው ሳቁ። «ግን ሐሙስ ዕለት እዚያ ምክር ቤት ገብተሽ፣ ሸበላውን ሳይረስን ተዋወቁት ብትዪ፣ ሰዉ እኔን አይቶ አንቺን ነው የሚታዘብሽ።»

አርሊታ ከጣውላው ላይ ስንጥር ልጣ ወደ ውሃው ወረወረች። ውሸቱን የጀመረችው እሷ አልነበረችም። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ነው የባሰው፤ እሷ አንዲት ቃል እንኳ አልዋሸችም። ዝም ነው ያለችው።

ነገሩ የተጀመረው ተማሪዎቹ ከበዓል እረፍት ገና እንደተመለሱ ነው። የደሴታቸውን ሰው ወክለው በግዛቱ ምክር ቤት የተቀመጡት ወይዘሮ ኦክታቪያ ፍሪፕ አርሊታ ትምህርት ቤት መጡ። በግዛታቸው በሳውዝ ካሮላይና ባሕር ላይ ነዳጅ ለመቆፈር የሚፈልጉ ድርጅቶች አሉ። ወይዘሮ ፍሪፕ ይህን የሚያግድ ሕግ ለማስወጣት ሲታገሉ ቆይተዋል፤ በየዓመቱ ያቀርቡታል፣ በየዓመቱ ይወድቅባቸዋል፣ በዓመቱ ተመልሰው ይመጣሉ።

«ከዳርቻው እስከ ሦስት ማይል ያለው ውሃ የእኛ የግዛቱ ነው» ብለው ለተማሪዎቹ አስረዱ። «ከዚያ ወዲያ ያለው የዋሺንግተን፣ የማዕከላዊው መንግሥት ነው። ዋሺንግተን ቆፍሩ ካለች እኛ መከልከል አንችልም። ግን እስቲ አስቡት፤ የተቆፈረው ነዳጅ በቧንቧ ወደ የብስ መምጣት የለበትም? የእኛን ሦስት ማይል ሳያቋርጥ በየት በኩል ይመጣል? እነሱ ሳሎኑን ቢይዙት፣ በሩን የያዝነው እኛ ነን። የእኔ ሕግ በሩን ይዘጋል። በቃ።»

ተማሪው አጨበጨበ። ከዚያ ማን መናገር ይፈልጋል ሲባል አርሊታ ተነሣች። ስለ ረግረጉ ተናገረች፤ አያቷ መረብ ሲጥሉ መረቡ በአየር ላይ ስለሚከፈትበት ሁኔታ፣ ማዕበሉ ሲሞላ ሽሪምፖቹ ሣሩ ሥር ስለሚደበቁበት፣ አንዲት የነዳጅ ፍሳሽ እዚያ ሣር ውስጥ ከገባች ማንም ለይቶ ሊያጥባት ስለማይችል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት ወይዘሮ ፍሪፕ፣ ዓይናቸው እያበራ።

«የሙልትሪ።»

«ያቺ ነጭ ጀልባ! የሽሪምፕ አጥማጅ ልጅ!»

እዚያ ላይ ነበር «አይ፣ አባቴ አሁን ሌላ ሥራ ነው ያለው» ማለት የነበረባት። ልትል አፏን ከፍታም ነበር። ግን ከፊቷ የተቀመጠችው ታሊያ፣ ደረቷ ላይ «ቁፋሮ ይቁም» የሚል ክብ ወረቀት የለጠፈችው፣ ወይዘሮ ፍሪፕ ከመምጣታቸው በፊት ምን ስትል እንደነበር ትዝ አላት። «እነዚያ ቆፋሪዎች እኮ ለደሞዛቸው ብለው እናታቸውንም ይሸጣሉ» ነበር ያለችው። ሁሉም ስቆ ነበር። አርሊታም ከሁሉም ጋር ስቃለች። አሁን ተነሥታ አባቴ ከእነዚያ አንዱ ነው ብትል ሙድ ይዘውባት የትምህርት ዘመኑ እንደሚያልቅ ታውቃለች።

ስለዚህ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ ወሬው ሄደ፤ «የሽሪምፕ አጥማጅ ልጅ በምክር ቤቱ ትናገራለች» ተብሎ በደሴቲቱ ሱቆች በር ላይ ሁሉ ተለጠፈ። አሁን ማን ደፍሮ ይልጠው።

ከአያቷ ጋር ጣውላው ላይ በተነጋገሩበት ዕለት፣ እራት ላይ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ሎሬታ አንስታ ትንሽ ከሳቀች በኋላ «ቶሎ በይ፣ ከባሕር ላይ ነው፣ ወረፋ አለው» ብላ ሰጠቻት።

«ቢና!» አላት አባቷ።

ደሴታቸው ላይ ሰው ሁሉ ሁለት ስም ነው ያለው፤ አንዱ ለትምህርት ቤትና ለመንግሥት፣ ሌላው ለቤት። ቢና የሚላት ሰው ሁሉ ሕፃን ሆና ያቀፋት ነው።

«አባዬ! ደህና ነህ? ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ማሽኑ ነው። እዚህ የማይጮኽ ነገር የለም፣ ምግብ አብሳዩም ይጮኻል። ይልቅ ንግግርሽን አንብቢልኝ እስቲ።»

ሮስኮ ሙልትሪ የሚሠራው ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ውሃ መሐል የተተከለ የነዳጅ መቆፈሪያ የብረት መድረክ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት እዚያ ውሎ ያድራል፤ ከዚያ በሄሊኮፕተር ሉዊዚያና ያደርሱታል፤ ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ ቀንና ሌሊት ነድቶ ቤቱ ይመጣል። ሽሪምፕ በርካሽ ከባሕር ማዶ በበረዶ ታሽጎ መምጣት ሲጀምርና የነጯ ጀልባ የነዳጅ ወጪ ከምታጠምደው ዋጋ በላይ ሲሆን ነው ወደዚያ የሄደው። ሲሄድ አርሊታ ገና የፊት ጥርሷን እየቀየረች ነበር።

አነበበችለት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን ዘለለቻት። ስትጨርስ አባቷ አፏጨ።

«እኔ እኮ ስሄድ ልጅ ነበርሽ። መቼ ነው የምክር ቤት አባል የሆንሽው?»

«አባዬ…»

«ወይ።»

«ቁፋሮ ይቅር ስል አይከፋህም?»

አባቷ በለሆሳስ «አንቺ ያመንሽበትን ተናገሪ» አላት። ወዲያው ደግሞ ድምፁን ወደ ጨዋታ መለሰው። «እርግጥ እዚያ አጠገባችሁ ቢቆፈር፣ ግማሽ ዓመቴን መንገድ ላይ አልጨርስም ነበር። የእናትሽንም ቀይ ሩዝ በትኩሱ እበላ ነበር። አሁን እኮ እኔ ስደርስ ድስቱ ታጥቦ ነው የሚጠብቀኝ።»

እሱ ለቀልድ ነው ያለው። አርሊታ ግን ዘወር ብላ ጠረጴዛውን አየች። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ሩዙ ይጨሳል፤ የአባቷ ወንበር ላይ የታጠበ ልብስ ተቆልሏል። እሱ በማይኖርበት ጊዜ ያ ወንበር የልብስ ነው።

«ታዲያ ቢቆፈር ትፈልጋለህ? የምርህን ንገረኝ።»

«ቢናዬ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከኋላዬ ቆሟል። ረቡዕ ከዚህ ያወጡናል። ሐሙስ ማታ ከዚያ ስትመለሺ እኔን በር ላይ ታገኚኛለሽ። እሺ? በርቺልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። አርሊታ ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ አንሥታ ወደ አልጋዋ ወሰደችና አንድ በአንድ አጠፈችው። እናቷ በመገረም አየቻት፤ ያለ ጭቅጭቅ ልብስ ስታጥፍ አይታት አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ፍሪፕ በራሳቸው መኪና መጥተው ወሰዷቸው። አያቷ ለቀብር ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ፊት ተቀመጡ፤ አርሊታ ከኋላ። ወይዘሮ ፍሪፕ ቋሊማ የገባበት ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ይዘውላት መጥተዋል። እየነዱ ያወራሉ፣ እያወሩ ይስቃሉ፤ ትልቅ ሰው ናቸው ብሎ ለመፍራት እንኳ ጊዜ አይሰጡም።

«የዘንድሮው እንደ ሌላ ጊዜ አይደለም» አሉ። «ሕጉን የሚያየው ኮሚቴ እኩል ለእኩል ተከፍሏል። የቀረን አንድ ሰው ነው፤ ሚስተር ቶምሊን የሚባሉ፣ ከሰሜን በኩል፣ ኮክ የሚያመርቱ ገበሬ። ባሕር ካዩም የቆዩ ይመስለኛል። ሳይንቲስት አምጥቼላቸዋለሁ፣ ሆቴል ያላቸውን ሰዎች አምጥቼላቸዋለሁ፤ ሁሉንም ሲሰሙ ያንቀላፋሉ። የሠርቶ አደር ልጅ ሲናገር ግን ጆሯቸው ይቆማል። ስለዚህ የኔ ቆንጆ፣ የአጥማጅ ልጅ መሆንሽ ነው ዛሬ የሚያሻግረን።»

አርሊታ የገመጠችውን ዳቦ ወደ ወረቀቱ መለሰችው።

«ወይዘሮ ፍሪፕ…»

«ወይ እናቴ።» በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፤ ሌሊቱን ሲሠሩ እንዳደሩ ያስታውቃሉ። ስንት ዓመት ሲወድቁና ሲነሡ የኖሩ ሴትዮ ናቸው። ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀራቸው።

«…ምንም። ዳቦው በጣም ይጣፍጣል።»

ፊት የተቀመጡት አያቷ ረዘም አድርገው ሳሉ። «ይቅርታ» አሉ ለወይዘሮ ፍሪፕ። «ከልጅቷ ጉንፋን ተላልፎብኝ ነው።»

አርሊታ የአያቷን ማጅራት በዓይኗ ወጋችው። እሳቸው ግን መስኮቱን ከፍተው ነፋስ መቀበል ጀመሩ።

የስብሰባው አዳራሽ ካሰበችው ያነሰ ነበር፤ ሰዉ ግን ካሰበችው በላይ ነው። በአንድ በኩል ታሊያ የለጠፈችውን ዓይነት ክብ ወረቀት የለጠፉ ሰዎች፣ በሌላ በኩል ክራባት ያሰሩ የነዳጅ ድርጅት ሰዎች ተቀምጠዋል። የኮሚቴው አባላት ከፍ ካለ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል። ከሁሉም ዳር ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው የገበሬ እጅ የሆነ ሽማግሌ አሉ፤ ሳይነገራት ሚስተር ቶምሊን መሆናቸውን አወቀች።

ሰብሳቢዋ መዶሻቸውን መታ አድርገው ደንቡን አነበቡ። የተመዘገበ ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገራል። መብራቱ ቀይ ሲሆን ያቆማል። ምዝገባው ተዘግቷል።

መጀመሪያ የተነሡት በባሕሩ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አሮጊት ነበሩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ሳይጨርሱ ደከማቸውና «የቀረኝን ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ፣ እሷ ምላሷ ስል ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋም «ይፈቀዳል» አሉ፤ ጎረቤትየዋም ቀጠለች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ የድርጅት ሰው ስለ ሥራ ዕድል ቃሉን እያማረጠ ተናገረ። «ከእነዚህ ሰዎች መሐል ስለ ሠራተኛው ጠይቆ የሚያውቅ ማን ነው?» ብሎ ወደ ክብ ወረቀቶቹ ጠቆመ። ሰዉ አጉረመረመ። ሚስተር ቶምሊን አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ ያደርጋሉ።

ያን ጊዜ የኋላው በር ተከፈተና አርሊታ ዞር ስትል አባቷን አየችው።

ቀጥታ ከመንገድ ነው የመጣው። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ዘንጦ ከመጣው ሰው ሁሉ መሐል፣ ደረቱ ላይ የድርጅቱ ስም በትልቁ የተጻፈበትን ብርቱካናማ የሥራ ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ላዩ ላይ ጃኬቱን ጣል አድርጎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መቀመጫ አልነበረም። ሲያያት ፊቱ በሙሉ በራ። እጁን ወደ ላይ አላነሣም፤ ወገቡ ጋ ትንሽ አወዛወዘላት፤ የትምህርት ቤት በዓል ላይ መድረክ ስትወጣ እንደሚያደርገው።

ሌሊቱን ሙሉ ነድቷል። ቤት አልገባም። እሷን ሊሰማ ነው የመጣው። አርሊታ ደስ ሊላት ሲል ወደ ፊት ዞር አለች፤ ወይዘሮ ፍሪፕ ማይክራፎናቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ቀጣይዋን ተናጋሪ የማስተዋውቀው በኩራት ነው። ዛሬ ብዙ ስለ ባሕር ሰማን። አሁን ደግሞ በባሕሩ የሚተዳደር ቤተሰብ ልጅ ትናገራለች። አባቷ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ውሃ ላይ ሽሪምፕ የሚያጠምድ፣ የሽሪምፕ አጥማጅ ልጅ፣ ሚስ አርሊታ ሙልትሪ።»

ጭብጨባው ሲነሣ አርሊታ ወደ ኋላ ነበር የምታየው። አባቷ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ሌላ ሙልትሪ ያለ ይመስል ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ ገባው። እንደገባው ታወቃት፤ ፊቱ ላይ የበራው መብራት ትንሽ ዝቅ ሲል አየችው። ወደ ሸሚዙ ቁልቁል ተመለከተ። ማንም እንዳያየው ቀስ ብሎ የጃኬቱን ዚፕ ያዘና እስከ አገጩ ድረስ ዘጋው።

ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለላት። አውራ ጣቱን አሳያት። ቀጥዪ፣ አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ ማለቱ ነው።

ቢቆጣት ይሻል ነበር። በሩን ዘግቶ ቢወጣ እንኳ ይሻል ነበር። እሷ በዝምታ የካደችውን ነገር እሱ ሌሊቱን ነድቶ መጥቶ በጃኬቱ ሸፈነላት።

ወደ ተናጋሪው ጠረጴዛ እንዴት እንደሄደች አታውቅም። ተቀመጠች። ወረቀቱን ዘረጋች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ብታነብ ማንም አያውቅም። አያቷ አይናገሩም፤ አባቷም፣ ይኸው፣ ዚፑን ዘግቷል። ሕጉም ምናልባት ያልፋል። ረግረጉ ይድናል። የዚህን ያህል ቀላል ነበር።

ወረቀቱን ገለበጠችው።

«ስሜ አርሊታ ሙልትሪ ነው» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሰለለም። «ወይዘሮ ፍሪፕ አባቴ አጥማጅ ነው ያሉት እኔ ስላላረምኳቸው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእሳቸው አይደለም። አባቴ ድሮ አጥማጅ ነበር። ጀልባዋ አሁንም አለች፤ አያቴ ውሃዋን ይቀዱላታል። አሁን ግን አባቴ የሚሠራው የባሕር ላይ ነዳጅ ቁፋሮ ውስጥ ነው። ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ። ያልተናገርኩት አፍሬ ነው።»

ጉርምርምታው እንደ ዝናብ ተነሣ። ከክራባቶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። የወይዘሮ ፍሪፕ እስክሪብቶ ወረቀታቸው ላይ ቆመ፤ ዓይናቸውን ለአፍታ ጨፈኑ። አርሊታ እሳቸውን ላለማየት ሚስተር ቶምሊንን አየች። አላንቀላፉም።

«ቁፋሮው እኛ ጋ እንዲመጣ አልፈልግም» ብላ ቀጠለች። «ሣሩ ውስጥ ነዳጅ ከገባ ሣሩን ማጠብ አይቻልም። ይሄ እውነት ነው። ግን አባቴ ስልክ ላይ፣ እዚህ ቢቆፈር የእናትሽን ሩዝ በትኩሱ እበላ ነበር አለኝ። ሲቀልድ ነው፤ ግን ማልቀስ ነው የቃጣኝ። አባቴ ቤት እንዲያድር እፈልጋለሁ። ረግረጉም እንዲኖር እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ነው የምፈልገው። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ ግን አላውቅም። እናንተ ታውቁ እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሚስተር ቶምሊን እጃቸውን አነሡ። ሰብሳቢዋ ፈቀዱላቸው።

«ልጄ፣ አባትሽ ስለዚህ ሕግ ምን ይላል?»

«ስልክ ላይ ጠይቄው ነበር። ሳይመልስልኝ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው መጣበት።»

ሳቅ ሆነ፤ ለስለስ ያለ ሳቅ። ሚስተር ቶምሊን ግን አልሳቁም። «የሚገርም ነው» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ጠዋት ሙሉ ሁለቱም ወገን ስለ ሠራተኛው ሲነግረኝ ዋለ። ሠራተኛውን ግን እስካሁን አላየሁትም።»

አርሊታ ዞር አለች። አባቷ ግድግዳው ጋ ነው፤ ዚፑ እስከ አገጩ ተዘግቶ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ይታያል። መብራቱ ገና አረንጓዴ ነው።

«ክብርት ሰብሳቢ» አለች። «የቀረኝን ደቂቃ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል አይደል? ቅድም ለእትዬ እንደተፈቀደላቸው?»

ወይዘሮ ፍሪፕ ከመቀመጫቸው ሆነው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ ትንሽ፣ እሷ ብቻ እንድታየው። እባክሽ አታድርጊው ነው የሚሉት። አርሊታ ገባት። አባቷ ሥራው ወደ ቤቱ እንዲቀርብለት ፈልጎ፣ ሕጉ ይውደቅ ብሎ ቢናገር፣ አንድ ሰው ብቻ የቀራቸው ሴትዮ ዛሬም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ምክንያቷ ደግሞ እሷ ትሆናለች። ለዳቦውም፣ ለሁሉም ነገር ይቅርታ ልትጠይቃቸው ፈለገች። ግን ዓይኗን ከእሳቸው አላሸሸችም።

«ይፈቀዳል» አሉ ሰብሳቢዋ። «ለማን ነው?»

«ለአባቴ። እዚያ ነው የቆመው።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሮስኮ ሙልትሪ ግድግዳው ውስጥ መግባት ቢችል ይገባ ነበር። «ቢና፣ ተይው» አለ በዝግታ፤ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው። አያቷ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ና ውጣ እንጂ! ልጅቷ ደቂቃዋ እያለቀባት ነው» አሉት፤ ጀልባ ላይ እያለ ይጠሩት በነበረው ድምፅ።

መጣ። በሰዎቹ መሐል ትከሻውን እየሰበሰበ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ዚፑን ዝቅ አደረገው፤ ሸሚዙ ታየ። ከክራባቶቹ በኩል የሳቀው ሰውዬ ሳቁን ዋጠ።

አርሊታ ወንበሩን ለቀቀችለት። ወደ አያቷ ግን አልተመለሰችም፤ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። የማሽን ዘይትና የመንገድ ቡና ይሸታል። ትልልቅ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ምን ልበል?»

«ያሰብከውን።»

«ብትናደጂብኝስ?»

«ልናደድ እችላለሁ» አለች አርሊታ። «እሱን ቤት ስንሄድ እንነጋገርበታለን።»

ከዚያ ማይክራፎኑን ወደ እሱ ቀረብ አደረገችለት።